በሬ ተሸጦ ቪዛ ይመታል?

ለዛሬ የመረጥነው ደብዳቤ ከደብረ ማርቆስ የተላከ ነው። የፍቅር ጣጣም አለበት፣ ግን ከፍቅሩ በፊት ቪዛው ይቀድማል። ጸሐፊው ስሜ አይውጣ ስላለን ስሙን ትተን፣ ርዝመቱንም ትንሽ ቀንሰን እነሆ ብለናል። ተመሳሳይ ጥያቄ ከፍኖተ ሰላምም፣ ከደጀንም፣ ከዚሁ ከአዲስ አበባም ስለሚደርሰን መልሱ ለብዙዎቻችሁ ይሆናል ብለን እናምናለን።

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ዕድሜዬ 27 ነው። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ተደራጅተን ማርቆስ ውስጥ የእንጨትና ብረታ ብረት ሥራ አለን። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ በርና መስኮት እንሠራለን። መብራት ሲኖር እንሠራለን፤ መንገድ ሲዘጋ ጣውላውም ብረቱም ይጠፋና ቁጭ ብለን ካርታ እንጫወታለን።

«ከአንድ ዓመት በፊት በስልክ ከአንድ የቻይና ማሽን ፋብሪካ ጋር መጻጻፍ ጀመርኩ። የእንጨት መላጊያ ማሽን ዋጋ ስጠይቃቸው 'መጥተህ እየው፣ የግብዣ ደብዳቤ እንልክልሃለን' አሉኝ። ደስ ብሎኝ ለጓደኞቼ ስነግር ወሬው ከተማውን ዞረው። አሁን ሰፈር ውስጥ ስሜ 'ቻይናው' ሆኗል።

«በዚህ መሃል በዘመድ በኩል አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰው ተዋወቅሁ። 'ቻይና ምን ታደርግልሃለች? የአውሮፓ የቱሪስት ቪዛ አስመታልሃለሁ፤ ከገባህ በኋላ መንገዱን ራስህ ታውቀዋለህ' አለኝ። የባንክ ስቴትመንቱን፣ የንግድ ፈቃዱን፣ የሆቴሉን ቡኪንግ ሁሉ እሱ ያዘጋጃል። አግብቶ የወለደ ትልቅ አስመጪ ነው ብሎ ያቀርበኛል። ዋጋው ዘጠኝ መቶ ሺህ ብር ሲሆን ሦስት መቶ ሺው በቅድሚያ ነው።

«አባቴ ገበሬ ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ብለው ነው የሚኖሩት። ነገሩን ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና 'ባሕር ዛፉም አለ፣ በሬዎቹም አሉ፤ እኔ ከእንግዲህ ምን ያህል አርሳለሁ ብለህ ነው ልጄ' አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እጮኛዬ ደግሞ 'አግብቶ የወለደ' የሚለውን እየሳቅሁ ስነግራት አኮረፈች። 'በወረቀት ያገባሃት ማን ናት?' ትለኛለች።

«ገንዘቡን የምሰጥበት ቀን ደርሷል። ልስጥ ወይስ ልተው? ብተወውስ ቻይናው የሚሉኝን ሰዎች በምን ዓይኔ ልያቸው?»

ወንድም ዓለም፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። መሄድ መፈለግህ ነውር አይደለም። በደርግ ዘመን ከአገር ለመውጣት ራሱ የመውጫ ቪዛ ይጠየቅ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 32 ማንም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገሩ የመውጣት ነጻነት እንዳለው ደንግጓል። መውጫው በር የራስህ ነው። መግቢያው ግን የሌላ ሰው ቤት በር ነው፤ ስታንኳኳ «ማነው?» ይሉሃል። ለዚያች ጥያቄ የምትሰጠው መልስ ነው ቪዛህን የሚወስነው።

ደብዳቤህን ደጋግመን ስናነበው ውስጡ ሁለት ሰዎች አገኘን። አንደኛው ማሽን ሊያይ የፈለገ የማርቆስ አናጢ ነው። ሁለተኛው አዲስ አበባ ውስጥ የተፈጠረ፣ ባለትዳርና ባለልጅ አስመጪ ነው። መስኮቱ ፊት የምትቆመው አንተ ትሆናለህ፤ የሚጠየቀው ግን ያ ሁለተኛው ሰውዬ ነው። «ከየት ነው የምታስመጣው? ባለፈው ዓመት ስንት ግብር ከፈልክ? ሁለተኛ ልጅህ መቼ ተወለደች?» ሲሉህ ምን ልትል ነው? የአንተን እውነት አንተ ሳታጠናው ታውቀዋለህ። የእሱን ውሸት ግን እንደ ፈተና ልታጠናው ነው።

ሦስቱ ጥያቄዎች

የአሜሪካም ይሁን የአውሮፓ፣ የቻይናም ይሁን የሌላ፣ ቪዛ ሰጪ በመሠረቱ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ምን ልትሠራ ትሄዳለህ? በማን ገንዘብ? ምን ይመልስሃል?

የመጀመሪያው ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚሁ ላይ ነው። የቱሪስት ቪዛ ለጉብኝት፣ የቢዝነስ ቪዛ ለንግድ ጉዳይ ነው። ሁለቱም ተቀጥሮ ለመሥራት አይሆኑም። ወደ ሸንገን አገሮች የሚያስገባው የአጭር ጊዜ ቪዛ በማናቸውም 180 ቀናት ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቆይም። «ከገባህ በኋላ መንገዱን ራስህ ታውቀዋለህ» ማለት እንግዲህ በዘጠና አንደኛው ቀን ያለ ወረቀት፣ ያለ ሕጋዊ ሥራ፣ ፖሊስ ባየህ ቁጥር መንገድ እየቀየርክ ትኖራለህ ማለት ነው። ሰውዬው ይህንን ዋጋው ውስጥ አልነገረህም።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ብዙዎቻችሁ «ስንት ብር ባሳይ ይበቃል?» ትሉናላችሁ። ስቴትመንት የሚያነብ ሰው መጨረሻ ላይ ያለውን ድምር ብቻ አያይም። ገንዘቡ እንዴት እንደገባና እንደወጣ በወራት ውስጥ ይከታተላል። ስድስት ወር ሙሉ አምስት ሺህ ሲገባ ስድስት ሺህ ሲወጣበት የኖረ ደብተር፣ ከቀጠሮው አንድ ሳምንት ሲቀረው ሚሊዮን ብር ቢያርፍበት ማንም ይነቃበታል። ደግሞ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አልፏል። በብር ብዙ የሚመስለው ኤምባሲ ውስጥ ሲመነዘር ግማሽ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ በተበደሩት ገንዘብ ደብተር ከመሙላት ይልቅ ጉዞውን በአቅም ልክ ማሳጠር ይሻላል። የአሥር ቀን ጉዞ የአሥር ቀን ገንዘብ ይበቃዋል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ምን ይመልስሃል? የጎጃም ገበሬ ሀብት ጎተራው ውስጥና በረቱ ውስጥ ነው። ባንክ ውስጥ አይታይም። መሬቱም በሕግ አይሸጥም፤ የይዞታ ደብተር ብቻ ነው ያለው። ለዚህ ነው የደህና ቤት ልጅ ወረቀት ላይ ሲታይ ባዶ የሚመስለው። አንተ ግን ባዶ አይደለህም። የንግድ ፈቃድ አላችሁ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አላችሁ፣ በማኅበሩ ውስጥ ድርሻ አለህ፣ ሥራ ያዘዟችሁ ደንበኞችም ውል አላቸው። እነዚህን አንድ ላይ ብታስቀምጣቸው «ይህ ሰው የሚመለስበት ቤት አለው» ይላሉ። ሰውዬው እነዚህን እውነተኛ ወረቀቶችህን አስጥሎህ የውሸት ሊያሲዝህ ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባል የለ?

የውሸት ወረቀት ዕዳው ስንት ነው?

እዚህ ላይ ልብ ብለህ አንብብልን። መከልከልና ሲዋሹ መያዝ በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አሜሪካን እንውሰድ። በአገሩ የኢሚግሬሽን ሕግ ክፍል 214 (ለ) መሠረት የጉብኝት ቪዛ ጠያቂ ሁሉ እዚያው ሊቀር የሚሄድ ነው ተብሎ ይገመታል፤ አለመሆኑን ማሳመን ያለበት ራሱ ጠያቂው ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ይከለከላል። ይህ ግን የዕድሜ ልክ እገዳ አይደለም። ሁኔታህ ሲለወጥ አዲስ ፎርም ሞልተህ፣ ክፍያውን እንደገና ከፍለህ ትሞክራለህ። አውቀህ ሐሰተኛ ሰነድ ካቀረብክ ወይም ከዋሸህ ግን ሌላ የሕግ ክፍል ይመጣብሃል። እሱ በመርሕ ደረጃ ለዘላለም ያግዳል። ነገ ወንድምህ ቢጠራህ፣ ትምህርት ብታገኝ፣ ባለሀብት ብትሆን ያ ፋይል ይከፈታል።

የሸንገንም ከዚህ አይሻልም። አሻራህና ማመልከቻህ ሁሉም አባል አገሮች በሚያዩት አንድ የመረጃ ቋት ውስጥ ይገባል። አንዱ ከከለከለኝ ሌላው ጋ እሄዳለሁ የሚለው ጨዋታ አልቋል። ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ አሠራሩን አጥብቆ፣ መደበኛውን የ15 ቀን የውሳኔ ጊዜ ወደ 45 ቀን አራዝሟል። እንዲህ በጠበቀ በር ላይ ነው ሰውዬው የውሸት ወረቀት አስይዞ የሚልክህ። ተይዘህ ብትመለስ ደግሞ እሱ ስልኩን ይዘጋል። ፎርሙ ላይ ያለው ፊርማና አሻራ የአንተ ነው።

እጮኛህን በተመለከተ፣ ልጅቷ ከአንተ የበለጠ ነቅታለች። ዛሬ በወረቀት ሚስትና ልጅ አለኝ ብለህ ብትፈርም ማመልከቻው ተቀምጦ ይቆያል። የዛሬ አምስት ዓመት እውነተኛዋን ሚስትህን ልትወስድ ስትጠይቅ «የፊተኛዋስ የት ሄደች?» ይሉሃል። የውሸቷ ሚስት የእውነቷን ታስከለክላለች። ስለዚህ ዛሬውኑ ይቅርታ ጠይቃት። እየሳቅህ የነገርካት እሷን አላሳቃትም።

የበሬዎቹ ነገር

አባትህ ያሉትን ስናነብ እኛም ዝም አልን። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ቢሸጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደገና ማገር ይሆናል። በሬ ግን ጉቶ የለውም። ጥማዱ ሲሸጥ አባትህ ወይ ከጎረቤት ይለምናሉ፣ ወይ መሬታቸውን ለእኩል ይሰጣሉ። ለእኩል የሰጠ ሰው የምርቱን ግማሽ ይዞ ይገባል፤ ከዚያም በላይ የገዛ ማሳውን ሌላ ሰው ሲያርሰው ዳር ቆሞ ያያል። «ከእንግዲህ ምን ያህል አርሳለሁ» ያሉህ አንተን እንዳይከብድህ ነው። አባት እንዲህ ነው የሚናገረው። ልጅ ደግሞ ያልተባለውን መስማት አለበት።

ሦስት መቶ ሺው ደግሞ ቅድሚያ ብቻ ነው። ከተከለከልክ ይመለሳል ብሎ በጽሑፍ የፈረመልህ አለ? የለም። አገልግሎቱ ራሱ ሕገወጥ ስለሆነ ውሉንም በፍርድ ቤት አታስከብረውም። ለማወዳደር ያህል፣ ለአዋቂ ሰው የሸንገን ቪዛ መደበኛ ክፍያ ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ 90 ዩሮ ነው። ዘጠኝ መቶ ሺህ ብሩ እንግዲህ የምን ዋጋ እንደሆነ ራስህ አስላው።

ታዲያ ምን ላድርግ?

ገንዘቡን አትስጥ። ከዚያ የመጀመሪያውን ሰው፣ አናጢውን ይዘህ ተነሳ።

አንደኛ፣ የፋብሪካውን ማንነት አጣራ። የንግድ ምዝገባውን ይላኩልህ፤ ማሽኑን በቪዲዮ ጥሪ ያሳዩህ፤ ከእነሱ የገዛ ኢትዮጵያዊ ካለ ያገናኙህ። ለግብዣው ደብዳቤ ገንዘብ ከጠየቁህ እዚያው ላይ አቁም። ቻይና ለንግድ የምትሰጠው ቪዛ ኤም ይባላል፤ ለጉብኝት የምትሰጠው ኤል ነው። ለአንተ የሚሆነው ኤም ነው። ደብዳቤው ስምህን፣ የመጣህበትን ጉዳይ፣ የምትቆይበትን ቀንና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን የሚገልጽ፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት መሆን አለበት። አንድ ፋብሪካ ብቻ ማየት ካላረካህም ጓንጁ ከተማ ውስጥ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በጸደይና በመኸር የሚካሄደው የካንቶን ትርኢት አለ። ብዙ የማሽን አምራቾችን አንድ ቦታ ታገኛለህ።

ሁለተኛ፣ ስምህን አስተካክል። በእኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም፤ ፈረንጅ ግን የአያትህን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስደዋል። ችግሩ የሚመጣው አጻጻፉ ሲለያይ ነው። ፀሐይ የሚለው ስም ዲፕሎማው ላይ በቲኤስ፣ ፓስፖርቱ ላይ በኤስ ብቻ ከተጻፈ ሁለት ሰው ትመስላለህ። ፓስፖርትህ ላይ ያለውን አጻጻፍ መነሻ አድርገህ የባንኩን፣ የፈቃዱንና የትርጉሙን ሁሉ በእሱ አስተካክል።

ሦስተኛ፣ የልደት ቀን። ብዙ ሰው «ስምንት ዓመት ደምሬ ጻፍኩት» ይላል። አይሆንም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፤ ስምንት የሚሆነው የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ ነው። ቀኑም ይለያል። ጥር 15 ቀን 1988 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጆች ጃንዋሪ 24 ቀን 1996 ነው የተወለደው። ጃንዋሪ 15 ብሎ ከጻፈ በዘጠኝ ቀን ሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው። ፓስፖርትህ ላይ የተጻፈው ተሳስቶ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አሳርም፤ ፎርሙን ከዚያ በኋላ ሙላ።

አራተኛ፣ መንገዱን አስብ። ቀጠሮው አዲስ አበባ ነው። ከማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ደጀን ወርደህ ዓባይ በረሃን ተሻግረህ ጎሐ ጽዮን የምትወጣበት መንገድ ነው። በደህናው ጊዜ በማለዳ ተነስቶ ከሰዓት በኋላ የሚደረስበት ነበር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን በጦርነቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ ተዘግቷል፤ ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ነበር። ለነገ ቀጠሮ ዛሬ የሚነሳ ሰው አትሁን። ቢያንስ ሳምንት ቀድመህ ዘመድ ቤት ግባ፤ ወረቀቶችህንም ኮፒ አድርገህ አንዱን ስብስብ እጮኛህ ጋ አስቀምጥ።

አምስተኛ፣ ኢንተርቪው ካለ አጭር መልስ ስጥ። «የእንጨት መላጊያ ማሽን ለማየት ነው። አራት ነን፤ እኔ ተመርጬ ነው የምሄደው። አሥር ቀን ቆይቼ እመለሳለሁ።» በቃ። ያልተጠየቅኸውን አትዘርዝር፤ እንግሊዝኛ ካስቸገረህ በአማርኛ ልናገር በል። ፎርሙን ሌላ ሰው ከሞላልህም ከመላክህ በፊት መስመር በመስመር አንብበው። «እሱ ነው የሞላልኝ» የሚል ምክንያት አይሰማም።

ቢከለከሉስ?

እውነት የያዘ ሁሉ ያልፋል ብለን አንዋሽህም። እውነቱን ይዞ የሚከለከል ሞልቷል። አንዲት የምናውቃት የባንክ ሠራተኛ ለወንድሟ ሠርግ ስትጠይቅ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተመለሰች። አልቅሳ ስታበቃ ምን እንደጎደላት ተቀምጣ አሰበች። ከዚያ በፊት ከአገር ወጥታ አታውቅም ነበር። በዓመቱ የዕረፍት ፈቃዷን ይዛ፣ ኢትዮጵያውያን ያለ ቪዛ በሚገቡባት ኬንያ አንድ ሳምንት ቆይታ ተመለሰች። ሁለተኛ ስታመለክት የፊተኛውን መከልከሏን አልደበቀችም፤ ምን እንደተለወጠ ተናገረች። ሠርጉ አምልጧት ነበር፣ ለክርስትናው ግን ደረሰች። ዋሽታ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

ስለ «ቻይናው» ደግሞ ይህን እንልሃለን። ጥፋትህ አንድ ናት፤ ቪዛው ሳይመታ ወሬው ቀድሞ መታ። ከእንግዲህ ቀኑን ለማንም አትንገር። ሰው ሲጠይቅህ «ማሽን ልናስመጣ ነው፣ ሂሳቡን እየሠራን ነው» በል። ይህ ውሸት የለበትም፣ አያሳፍርምም። ቪዛው ባይሳካ እንኳ ማሽኑ በውክልና ወይም በአስመጪ በኩል ሊመጣ ይችላል። ያን ቀን ስምህ እንዳለ ይቆይልሃል፤ የሚጠሩህም አክብረው ነው።

አባትህ ጋ ግን በዚህ ሳምንት ሂድ። በስልክ አይሆንም። «በሬዎቹ ይቆዩ» በላቸው። ምንም ላይመልሱ ይችላሉ። ማታ ለበሬዎቹ ጭድ ሲሰጡ አብረህ በረቱ በር ላይ ቁም፤ መልሱን እዚያ ታገኘዋለህ።

አጭር መልስ

«ዲቪና የቱሪስት ቪዛ አንድ ነው ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽን የፍኖተ ሰላሟ እኅታችን፦ አይደለም። ዲቪ በዕጣ ለቋሚ ነዋሪነት የሚያበቃ ነው። የቱሪስት ቪዛ ሄዶ ለመመለስ ነው። በአንዱ ስም ሌላውን እሸጥልሻለሁ የሚልሽ ካለ ሸውዶሻል።

«ኤጀንሲ ፎርም ቢሞላልኝ ወንጀል ነው?» ላልከን የደጀኑ ወንድማችን፦ እውነቱን ከሞላልህ ወንጀል አይደለም። «ቪዛው የተረጋገጠ ነው» ካለህ ግን ውጣ። ከኤምባሲው በቀር ቪዛ የሚያረጋግጥ የለም።

በሉ እንግዲህ፣ ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።